ከማንኪያው ጀርባ ያለው አንበሳ የማን ነው? የአሮጌ ብር ዕቃ ማኅተሞች ንጽጽር

በራሴ ጉድ ልጀምር። ከዓመታት በፊት ከአንድ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ስድስት የሻይ ማንኪያ ገዛሁ። ጀርባቸው ላይ አራት ትንንሽ ጋሻ በተርታ ተመትቷል። በየጋሻው ውስጥ አንድ አንድ ያጌጠ ፊደል አለ። ሻጩ «የእንግሊዝ ነው፤ ይኸው አራት ማኅተም» አለኝ። ቆጠርኩ። አራት ነው። ሳልከራከር ከፈልኩ። ቤት ገብቼ በአጉሊ መነጽር ሳያቸው ፊደሎቹ ኢ፣ ፒ፣ ኤን፣ ኤስ ሆነው አገኘኋቸው። በኤሌክትሪክ ብር የተቀባ ኒኬል ሲልቨር ማለት ነው። ኒኬል ሲልቨር ደግሞ ሲልቨርነቱ በስም ብቻ ነው። መዳብ፣ ኒኬልና ዚንክ እንጂ ብር የሚባል ነገር ውስጡ የለም።

ሰውየው አልዋሸኝም። ዕቃው የእንግሊዝ ነው፤ ማኅተሙም አራት ነው። እኔ ነኝ «ይህን ማኅተም የመታው ማን ነው?» ብዬ ያልጠየቅኩት።

አሜሪካ ያላችሁ ቅዳሜ ጠዋት ኢስቴት ሴል (የቤት ዕቃ ጠቅላላ ሽያጭ) ስትዞሩ፣ ለንደን ያላችሁ ፖርቶቤሎ ገበያ ስትወርዱ፣ እስራኤል ያላችሁ የያፎን የአሮጌ ዕቃ ገበያ ስታስሱ እንዲህ ያለ ሣጥን ይገጥማችኋል። አንዱ «ስተርሊንግ» ይላል፤ አንዱ 800፣ አንዱ 84፣ ሌላው ደግሞ የሴት ራስ ብቻ አለው። የቱን ልግዛ? ከዚህ በታች ስድስት ዓይነት ማኅተሞችን ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። «ብር» ስል ደግሞ ማዕድኑን ነው፤ የኪሱን አይደለም።

በምን እንመዝናቸው?

በመጀመሪያ ማን እንደመታው። ማኅተሙን የመታው ከሠሪውም ከሻጩም ውጭ የሆነ መርማሪ ነው ወይስ ሠሪው ራሱ? ለእኔ ከሌሎቹ መመዘኛዎች ሁሉ ይኼ ይበልጣል።

ቀጥሎ ማኅተሙ የሚመልሰው ጥያቄ። ሠሪውን ይናገራል? ከተማውንስ? ዓመቱንስ? ሦስቱንም የሚናገር ሀገር ጥቂት ነው።

ሦስተኛ የብሩ መጠን፤ ቁጥሩ ከ1000 እጅ ስንቱ ብር እንደሆነ ይናገራል። ይህን በሂሳብ እንየው። አንድ ደርዘን ሹካ በድምሩ 720 ግራም ቢመዝን፣ 950 የሚል ከሆነ 684 ግራም ብር አለው። 925 ከሆነ 666፣ 875 ከሆነ 630፣ 800 ከሆነ 576 ግራም ነው። ለማወዳደር ያህል፣ አያቶቻችን የሚያውቁት ጠገራ ብር ከ1000 እጅ 833 ነው። እንግዲህ በጀርመን 800 እና በጠገራ ብር መካከል ብዙም ርቀት የለም። ቅብ ከሆነ ግን ታሪኩ ሌላ ነው፤ እሱ ጋ ስንደርስ ታዩታላችሁ።

በመጨረሻ ወጥመዱ። እያንዳንዱ ሥርዓት ገዢ የሚወድቅበት የራሱ ጉድጓድ አለው።

እንግሊዝ፦ ሁሉን የሚናገረው

ሠሪን፣ ከተማንና ዓመትን በአንድ ማንኪያ ጀርባ ላይ ማንበብ ለምትፈልጉ ከእንግሊዝ የተሻለ የለም። ሥርዓቱም የቆየ ነው። በ1300 ንጉሥ ኤድዋርድ ቀዳማዊ ከስተርሊንግ በታች የሆነ የብር ዕቃ እንዳይሸጥ ደነገገ። ስተርሊንግ ማለት 925 ነው። መለያው የነብር ራስ ሆነ። በ1363 እያንዳንዱ አንጥረኛ የራሱን ምልክት እንዲመታ ታዘዘ። በ1478 ደግሞ ለንደን የዓመት ፊደል ጨመረች። ፊደሉ ለእኛ ለገዢዎች ታስቦ የመጣ እንዳይመስላችሁ። ጥራቱ የወረደ ዕቃ ከተገኘ በየትኛው መርማሪ እጅ እንዳለፈ ለማወቅና ሰውየውን ለመጠየቅ ነው። በ1544 የሚራመደው አንበሳ መጣ። ዛሬም ድረስ 925 ማለት እሱ ነው።

አነባበቡ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ አንበሳውን ፈልጉ። ቀጥሎ ከተማውን። የነብር ራስ ለንደን ነው። መልሕቅ በርሚንግሃም ነው (ባሕር የላትም፤ መልሕቁ ግን የሷ ነው)። ዘውድ ሼፊልድ ነው፤ ከ1975 ወዲህ ግን በጽጌረዳ ተተክቷል። ባለሦስት ግንብ ቤተ መንግሥት ኤድንብራ ነው። ዘውድ የደፋ በገና ደብሊን ነው። በርሚንግሃምና ሼፊልድ የራሳቸውን መርማሪ ቢሮ ያገኙት በ1773 ስለሆነ፣ መልሕቅ ያለበት ማንኪያ «የ1750 ነው» ከተባላችሁ ሳቁና እለፉ።

ከዚያ የንጉሥ ወይም የንግሥት ራስ መኖሩን እዩ። ይህ ራስ ቀረጥ መከፈሉን የሚያሳይ ነው። የተመታው ከ1784 እስከ 1890 ባለው ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ ገና ፊደሉን ሳታነቡ ዘመኑን ያጠብላችኋል።

የዓመቱ ፊደል መጨረሻ ላይ ይነበባል፤ ምክንያቱም ፊደሉ ይመላለሳል። ለንደን በ20 ፊደል ትዞራለች። «ኤ» በ1796፣ በ1816፣ በ1836፣ በ1856፣ በ1876 ተመልሳ መጥታለች። የሚለያዩት በፊደሉ አጣጣልና በጋሻው ቅርጽ ነው። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ትልቅ «ኤ» ያለበት የለንደን ማንኪያ በእጃችሁ አለ እንበል። የነብሩ ራስ ዘውድ ከደፋና የንጉሡ ራስ የወንድ ከሆነ 1796 ነው። ነብሩ ዘውድ ከሌለውና ራሱ ወደ ግራ የምታይ ሴት ከሆነ፣ ይቺ ቪክቶሪያ ናት፤ ዓመቱም 1876 ነው። የለንደን ነብር ዘውዱን ያወለቀው በ1821 ነውና። በአንድ ዘውድ 80 ዓመት ተለየ ማለት ነው።

ፊደሉ የሚቀየረው በጥር አልነበረም። ለንደን ግንቦት ላይ ትቀይር ነበር። የእኛ ዓመት ከመስከረም እስከ መስከረም ሁለት የፈረንጅ ዓመት እንደሚነካው ሁሉ፣ የእነሱም ፊደል ሁለት ዓመት ይነካል። አዋቂ ሻጮች «1796/97» ብለው የሚጽፉት ለዚህ ነው።

ትንንሽ የሻይ ማንኪያዎች ላይ የከተማው ምልክት ሊጎድል ይችላል። የቀረው ሁሉ ካለ ብዙ ጊዜ ለንደን ነው። ማኅተሙ ያረፈበት ቦታም ይናገራል። ከ1780 ገደማ በፊት የተሠራ ማንኪያ በአብዛኛው ማኅተሙ ያለው አንገቱ ላይ፣ ወደ መጨለፊያው ተጠግቶ ነው። ከዚያ በኋላ ወደ እጀታው ጫፍ ወጥቷል።

ስለ ሠሪው ፊደላት አንድ ነገር እወቁ። ፊደሉ ዕቃውን ለምርመራ ያቀረበው ሰው ወይም ድርጅት ነው እንጂ መዶሻውን የያዘው ሰው ላይሆን ይችላል። «ኤች-ቢ» የሚለው የሄስተር ቤትማን ምልክት ጥሩ ምሳሌ ነው። ባሏ ከሞተ በኋላ በ1761 የራሷን ምልክት ለንደን አስመዘገበች። እስከ 1790 ከልጆቿ ጋር ትልቅ ወርክሾፕ መራች። ማንኪያውን በእጇ ቀጥቅጣዋለች ማለት ግን አይደለም። ስሟ ስለሚሸጥ ደግሞ አስመሳዩ በዝቷል።

ወጥመዱ ዕቃው ላይ እንጂ ማኅተሙ ላይ አይደለም። ማኅተሙ እውነተኛ ሆኖ ዕቃው ሊቀየር ይችላል። ሜዳ የነበረ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ማንኪያ ከመቶ ዓመት በኋላ የፍራፍሬ ቅርጽ ተቀርጾበት «የቤሪ ማንኪያ» ሆኖ ይሸጣል። ሹካ በዘመኑ ከማንኪያ ያነሰ ስለሚገኝ ማንኪያን ጠፍጥፎ ሹካ ያደረገም አለ። ከባሰ ደግሞ ከተሰበረ ማንኪያ ላይ ማኅተሙ ተቆርጦ በሌላ ዕቃ ላይ ይበየዳል። ማኅተሙ ዙሪያ «ሃ» ብላችሁ ተንፍሱበት። ብየዳ ካለ ጉሙ ላይ መስመሩ ይታያል። ይህ ዘዴ ገንዘብ አያስወጣም፤ ሻጭ ፊት ሲያደርጉት ደግሞ ፊቱን ማየት ነው።

አሜሪካ፦ ሠሪውን ይናገራል፣ ስለ ሌላው ሠሪውን እመኑት

አሜሪካ እንደ እንግሊዝ ያለ የመርማሪ ቢሮ ሥርዓት አልነበራትም። ባልቲሞር ከ1814 እስከ 1830 ሞክራ ተወችው። ስለዚህ ማንኪያው ላይ የምታዩት ነገር ሁሉ ሠሪው ወይም የሸጠው ሱቅ ራሱ የመታው ነው። ይህ ማለት ውሸት ነው ማለት አይደለም። የሦስተኛ ወገን ምስክር የለም ማለት ነው። በ1906 የፌዴራል ሕግ ወጥቶ «ስተርሊንግ» ብሎ ከስተርሊንግ በታች መሸጥ ወንጀል ሆነ።

ከ1860ዎቹ በፊት የተሠራው አብዛኛው ስም ብቻ አለው። አንዳንዱ «ኮይን» ይላል፤ የሳንቲም ብር፣ 900 ገደማ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ «ስተርሊንግ» የሚለው ቃል በግልጽ ይጻፋል። ለማንበብ ቀላሉ ይኼ ነው።

እዚህ ጋ ነው የርዕሱ አንበሳ የሚመጣው። በሮድ አይላንድ ፕሮቪደንስ ከተማ የነበረው ጎርሃም ምልክቱ አንበሳ፣ መልሕቅ እና የጥንት አጣጣል ያለው «ጂ» ነው። የማያውቅ ሰው አንበሳን ስተርሊንግ፣ መልሕቅን በርሚንግሃም፣ «ጂ»ን የዓመት ፊደል አድርጎ ያነባል። ዓመት ሁሉ ያወጣለታል! መልሕቁ ግን የሮድ አይላንድ አርማ ነው። «ጂ»ም የስማቸው መነሻ ነው። ልዩነቱን ለመያዝ አጠገቡ «ስተርሊንግ» የሚል ቃል ፈልጉ። የእንግሊዝ መርማሪ ቢሮ ይህን ቃል በፊደል አይጽፍም፤ አንበሳው ይበቃዋል። ጎርሃም ከ1868 ጀምሮ በብዙ ዕቃዎቹ ላይ የራሱን የዓመት ምልክት ይመታ ነበር። መጀመሪያ ፊደል፣ በኋላ ትንንሽ ሥዕል። ከአሜሪካ ሠሪዎች ዓመት ለማወቅ ከሚመቹት አንዱ ነው። ከማንኪያና ሹካ ይልቅ ግን ትልልቅ ዕቃዎቹ ላይ ነው የሚበዛው።

ሁለተኛው የአሜሪካ ወጥመድ «1847 ሮጀርስ ብራዘርስ» የሚለው ጽሑፍ ነው። 1847 የንግድ ስሙ አካል ነው። ማንኪያው በ1920ዎቹ ወይም በ1950ዎቹ የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ ብሩም ቅብ ነው። ለእኛ ይህን ማስረዳት አይከብድም። ጠገራ ብር ላይም 1780 ይላል። ንግሥቲቱ ማሪያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው። ሳንቲሙ ግን እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በፓሪስ፣ ቦምቤይ ሳይቀር ያንኑ ዓመት ይዞ ተመትቷል።

ሦስተኛው ክብደት ነው። የሻማ መቅረዝ ላይ «ዌይትድ» የሚል ቃል ካያችሁ ውስጡ በሲሚንቶ ወይም በሙጫ ተሞልቷል። የቢላ እጀታም እንዲሁ ነው። በሚዛን አትግዙት።

ፈረንሳይ፦ ቅርጹን እዩ

ፈረንሳዮች ቁጥር መጻፍ አይወዱም፤ ራስ ነው የሚመቱት። ከ1838 ጀምሮ ያለው ዋናው ማኅተም የራስ ቁር የደፋች ሚነርቫ ናት፤ የጥንት ሮማውያን ሴት አምላክ። አሮጌ ዕቃ ላይ አጠገቧ ትንሽ 1 ካለ 950 ነው፤ 2 ካለ 800። የምትመታው በመንግሥት ቢሮ ስለሆነ ትታመናለች። ለትንንሽ ዕቃ የከርከሮ ራስ (ፓሪስ) ወይም ሸርጣን (ክፍለ ሀገር) ይመታ ነበር።

የሠሪው ምልክት በጫፉ የቆመ አራት ማዕዘን ውስጥ ነው፤ ዳይመንድ ቅርጽ የምንለው። ይኼ ቅርጽ ከሁሉም ጠቃሚው ፍንጭ ነው። በፈረንሳይ ሕግ የብር አንጥረኛ ምልክት ዳይመንድ ቅርጽ ሲይዝ፣ የቅብ ሠሪ ምልክት ደግሞ መደበኛ አራት ማዕዘን ይይዛል። ፊደሎቹ ተፍቀው ባይነበቡ እንኳ ዙሪያውን አይታችሁ ብር ነው ወይስ ቅብ መለየት ትችላላችሁ። እንዲህ ያለ ብልሃት የትም አላየሁም።

ድክመቱ ዓመት አለመናገሩ ነው። ሚነርቫ ከ1838 ወዲህ ያለውን ሁሉ ትሸፍናለች። ሠሪውን አግኝታችሁ እሱ የሠራበትን ዘመን ማጥበብ ይኖርባችኋል። ስዋን ወይም ነቀዝ ከገጠማችሁ ደግሞ ዕቃው ከውጭ የገባ ወይም መነሻው ያልታወቀ ነው። አዎ፣ ነቀዝ፤ እህል የሚበላው ነፍሳት። የፈረንሳይ ጉምሩክ ቀልድ ያውቅ ነበር መሰለኝ።

ፓሪስን ካነሳን አይቀር፣ 1887 ዓ.ም. (ይኼኛው በእኛ አቆጣጠር ነው) በሚለው የምኒልክ ብር ላይ አንዲት ትንሽ የላቲን «ኤ» አለች። የፓሪስ የገንዘብ መምቻ ቤት ምልክት ናት። በአንዲት ፊደል መነሻው ይታወቃል። ቤታችሁ ካለ አውጥታችሁ እዩት።

ጀርመንና ኦስትሪያ፦ ቁጥሩ ቀላል፣ ዘመኑ ሰፊ

ጀርመን ከ1888 ጀምሮ አንድ ወጥ ምልክት አላት። ማጭድ ጨረቃ፣ ዘውድና ቁጥር። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ 800 ነው። የሚመታው ሠሪው ራሱ ነው፤ ሕጉ ግን ያስጠይቀዋል። አጠገቡ የሠሪው አርማ አለ። የብሬመኖቹ ቪልከንስ እና ኮህ ኡንድ በርግፌልድ፣ የሃይልብሮኑ ብሩክማን ብዙ ጊዜ ይገኛሉ። ጨረቃና ዘውድ ካለ ከ1888 ወዲህ ነው፤ ከዚያ በላይ ስለ ዓመት አትጠይቁት። ከዚያ በፊት ያለው ሎት በሚባል የድሮ መለኪያ ይቆጠራል። 16 ሎት ንጹሕ ስለሆነ 12 ሎት 750 ነው፤ 13 ሎት ደግሞ 812 ተኩል።

ከሀናው ከተማ ተጠንቀቁ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የነበሩ አንጥረኞቿ የ17ኛና 18ኛው ክፍለ ዘመን የሚመስል ዕቃ ሠርተው፣ ጥንታዊ የሚመስል ነገር ግን የየትም ከተማ ያልሆነ ማኅተም ደርድረውበታል። ብሩ እውነተኛ ነው፤ ዕድሜው ነው የተጋነነው።

ኦስትሪያ-ሃንጋሪ ከ1867 እስከ 1922 የዲያናን (የሌላዋ የሮማውያን ሴት አምላክ) ራስ ትመታ ነበር። ቁጥሩ ከ1 እስከ 4 ነው፤ 1 ማለት 950፣ 2 ማለት 900፣ 3 ማለት 800፣ 4 ማለት 750። የሚበዛው 3 ነው። ከጀርመን ይልቅ አምናታለሁ፤ ምክንያቱም የመታው መንግሥት ነው።

ሩሲያ፦ 84 ሲያዩ መቸኮል

84 የሚለው ቁጥር ብዙ ሰው አሳስቷል። መቶኛ አይደለም። ዞሎትኒክ በሚባለው የሩሲያ መለኪያ ንጹሕ ብር 96 ነው፤ ስለዚህ 84 ማለት 875 ነው። 88 ደግሞ 916 ገደማ ነው። ከ1899 አካባቢ ጀምሮ ኮኮሽኒክ የሚባለውን የራስ ጌጥ ያደረገች ሴት አለች። ወደ ግራ ካየች ከ1908 በፊት ነው፤ ወደ ቀኝ ካየች ከዚያ በኋላ። ከዚያ በፊት ያለው የከተማ አርማ፣ የመርማሪው ስም መነሻ ፊደላትና ብዙ ጊዜ ዓመቱ በቁጥር ይኖረዋል። ዓመት በቁጥር! እንግሊዝም ያላደረገችው ነው።

ችግሩ የሩሲያ ብር እንደ ጉድ ተመሳስሎ መሠራቱ ነው። በተለይ ፋበርዤ (ዝነኛው የሩሲያ ጌጥ ሠሪ) የሚል ካያችሁ፣ ሻጩ ሰነድ እስካላመጣ ድረስ ሐሰተኛ ነው ብላችሁ ጀምሩ። ሌላው ወጥመድ 84 በፈረንሳይ ቅብ ሹካዎች ላይም መገኘቱ ነው። እዚያ ትርጉሙ በደርዘን ሹካና ማንኪያ ላይ የተቀባው ብር 84 ግራም ነው።

አዲስ አበባ ላላችሁ የሚቀርባችሁ የሶቪየት ዘመን ዕቃ ነው። ሶቪየት ኅብረት ተምረው የመጡ ሰዎች ቤት ማንኪያና ሳሞቫር አይጠፋም። ከ1958 ጀምሮ ያለው ኮከብ ውስጥ መዶሻና ማጭድ ከነ875 ከሆነ ብር ነው። በሩሲያ ፊደል «ኤም፣ ኤን፣ ጼ» የሚል ከሆነ ግን መዳብ፣ ኒኬል፣ ዚንክ ማለት ነው። የእኔ ስድስት ማንኪያዎች የሩሲያ ዘመድ!

ቅብ፦ ጌጡ የበዛ ማኅተም

በኤሌክትሪክ ብር መቀባትን የበርሚንግሃሞቹ ኤልኪንግተኖች የባለቤትነት መብት ያስመዘገቡበት በ1840 ነው። ስለዚህ እነዚያ አራት ፊደሎች ያሉበት ዕቃ ከዚያ በፊት ሊሆን አይችልም። ከእነሱ በፊት የነበረው የሼፊልድ ቅብ ነው፤ ቶማስ ቦልሶቨር በ1740ዎቹ መጀመሪያ የፈጠረው፣ ብርና መዳብ በሙቀት ተጣብቀው አብረው የሚዳመጡበት ዘዴ። እሱ ዛሬ ራሱን የቻለ የሰብሳቢ ዕቃ ነው።

«ኤ-1»፣ «ትሪፕል»፣ «ኳድራፕል»፣ «አልፓካ» የሚሉት ቃላት ሁሉ ቅብ ወይም ጭራሽ ብር የሌለው ማለት ናቸው። ጀርመን ላይ 90 የሚል ቁጥር ካያችሁ 900 እንዳይመስላችሁ። በ12 ማንኪያና በ12 ሹካ ላይ በድምሩ 90 ግራም ብር ተቀብቷል ማለት ነው። ቅድም ያሰላነውን የሹካ ደርዘን አስታውሱ። 800 የሚለው 576 ግራም ብር ነበረው። 90 የሚለው 45 ግራም ገደማ ነው፤ እሱም ተፍቆ የሚወጣ አይደለም። ከአንድ ዜሮ ነው ይህ ሁሉ ልዩነት።

«ኢንግላንድ» ወይም «ጀርመኒ» ብሎ የሀገር ስም በእንግሊዝኛ የተጻፈበት ዕቃ ደግሞ በአብዛኛው ከ1891 ወዲህ ነው። በዚያ ዓመት የአሜሪካ የቀረጥ ሕግ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የሀገሩን ስም እንዲይዝ አስገደደ።

በአንድ ዓይን ሲታዩ

| ማኅተም | ማን መታው | ሠሪ | ቦታ | ዓመት | ብር (ከ1000) | ዋና ወጥመድ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| እንግሊዝ | መርማሪ ቢሮ | አዎ | አዎ | አዎ | 925 (ከ1697 እስከ 1720 ግዴታው 958) | የተቀየረ ዕቃ፣ የተበየደ ማኅተም |
| አሜሪካ | ሠሪው | አዎ | በተዘዋዋሪ | አልፎ አልፎ | 900 ገደማ፣ 925 | «1847»፣ ውስጡ የተሞላ |
| ፈረንሳይ | መንግሥት | አዎ | ፓሪስ ወይም ክፍለ ሀገር | አይ | 950፣ 800 | ዳይመንዱን ከአራት ማዕዘን አለመለየት |
| ጀርመን | ሠሪው፣ በሕግ | አዎ | በተዘዋዋሪ | ከ1888 በኋላ መሆኑን ብቻ | 800 እና በላይ | የሀናው ማኅተም፣ 90 |
| ኦስትሪያ-ሃንጋሪ | መንግሥት | አዎ | አዎ | 1867–1922 | 750–950 | የተፋቀ ቁጥር |
| ሩሲያ | መርማሪ | አዎ | አዎ | ብዙ ጊዜ | 875፣ 916 | አስመሳይ |
| ቅብ | ሠሪው | አንዳንዴ | አንዳንዴ | አይ | ቁጥር የለውም | ማኅተም መምሰሉ |

ጣሊያንን ለብቻ ያላነሳኋት ዘመኑ ቅርብ ስለሆነ ነው። ከ1968 ወዲህ ኮከብ፣ የሠሪው ቁጥርና የክፍለ ሀገሩ ሁለት ፊደል በአንድ ክፈፍ ይመታሉ። ብሩ ብዙ ጊዜ 800 ነው።

የእኛስ? የእኛ አንጥረኞች መስቀልና ድሪ ሲሠሩ በአብዛኛው ማኅተም አይመቱም ነበር። ብሩንም ያገኙት ጠገራ ብር አቅልጠው ነው። ስለዚህ «የጥንት ነው» ተብሎ 925 የተመታበት የሀገራችን መስቀል ስታዩ ጥርጣሬ ይግባችሁ። ጥንታዊ መስቀል ያለ ቅርስ መሥሪያ ቤት ፈቃድ ከሀገር እንደማይወጣም አትርሱ።

ገበያ ላይ ምን ታደርጋላችሁ?

10 ጊዜ የምታጎላ ሉፕ (ትንሽ አጉሊ መነጽር) ያዙ። ብርሃኑን ከላይ ሳይሆን ከጎን አስተኝታችሁ አብሩበት፤ የተፋቀ ማኅተም በጥላው ይነበባል። ከዚያ የሹካውን ጫፍና የማንኪያውን ሆድ እዩ፤ ጠረጴዛ የሚነካው ቦታ ማለት ነው። ቢጫ ወይም ሌላ ቀለም ብቅ ካለ ቅብ ነው። ማግኔት ብዙም አይረዳም። ከሳበው ብር አይደለም፤ ካልሳበው ግን ነሐስም ኒኬል ሲልቨርም አይስብምና ምንም አልነገራችሁም። የስም ቅርጽ ተፍቆ ከሆነ እዚያ ቦታ ላይ በአውራ ጣታችሁ ጫን በሉ፤ ይሳሳል። አሲድ የሚያንጠባጥብ ሻጭ ወይም ገዢ ካለ ዕቃችሁን ውሰዱበት።

ለማን የትኛው?

ለሠርግ ወይም ለክርስትና ስጦታ ከሆነ እንግሊዝን ምረጡ። ሙሉ ስብስብ አያስፈልግም። አንድ ጥሩ ማንኪያ፣ አምስቱም ማኅተም ጥርት ያለ፣ ይበቃል። ተቀባዩ ዓመቱን ራሱ ማንበብ መቻሉ ግማሹ ስጦታ ነው። ኪሳችሁ ጠባብ ከሆነ ከ1830ዎቹ በኋላ ያለውን የሻይ ማንኪያ ፈልጉ። ታዋቂ ስም አትፈልጉ፤ ስሙ ዋጋውን ይወስደዋል።

እየበላችሁበት ልትኖሩ ከሆነ የ20ኛው ክፍለ ዘመን የአሜሪካ ስተርሊንግ ወይም የጀርመን 800 ይሻላል። የጎደለ ቢኖር ተመሳሳዩን ማግኘት ቀላል ነው። የፈረንሳይ 950 ያምራል፤ ግን ለስለስ ይላል። 800 ደግሞ መዳቡ ስለሚበዛ ቶሎ ይጠቁራል። በዶሮ ወጥ ቀን ግን የትኛውም ብር አያመልጥም። ዕንቁላሉ ውስጥ ያለው ሰልፈር ማንኪያውን ያጠቁረዋል። ወዲያው ማጠብ ነው።

ብሩን ለማስቀመጥ ከሆነ ሐሳባችሁ በሚዛን ብቻ ግዙ። ግራሙን በጥራቱ አባዙ፣ በዕለቱ የግራም ዋጋ አባዙ፣ ከዚያ በላይ አትክፈሉ። ቢላዎቹን ከሂሳቡ አውጧቸው። በዚህ መንገድ ጀርመን 800 ብዙ ጊዜ ያዋጣል፤ ሰብሳቢ ስለማይሻማበት።

ለበዓል ጠረጴዛ ማማር ብቻ ከሆነ ደህና የተያዘ የፈረንሳይ ወይም የጀርመን ቅብ ግዙ። ዋጋው የቅብ እስከሆነ ድረስ ምንም ነውር የለውም። እኔም ስድስቱን የሻይ ማንኪያዎች እስከ ዛሬ ስኳር አማስልባቸዋለሁ።

የሩሲያን ለጀማሪ አልመክርም። የሚያውቅ ሰው አብሯችሁ ከሌለ ለኋላ ይቆይ።

እንግሊዝ ሀገር ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። እዚያ ከ7.78 ግራም በላይ የሆነ ዕቃን ያለ ማኅተም «ብር» ብሎ መሸጥ በሕግ የተከለከለ ነው፤ ለአሮጌ ዕቃ የተወሰነ ልዩነት ቢኖርም። ደረሰኙ ላይ «ብር» ብሎ እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ። የማይጽፍ ከሆነ ራሱ መልስ ነው።

ከእናት ወይም ከአያት የወረሳችሁት ካለ ደግሞ ለማጽዳት አትቸኩሉ። ማኅተምን የሚያጠፋው ዘመን ብቻ አይደለም፤ በየበዓሉ የሚፈገፍገው እጅም ነው። መጀመሪያ ጀርባውን በጎን ብርሃን ፎቶ አንሱ። ከዚያ በለብታ ውሃና በሳሙና እጠቡት፣ ማኅተሙ ያለበትን ቦታ በጨርቅ ብቻ አድርቁ፣ ያንን ጥግ ለማንም ጎበዝ ወልዋይ አትስጡ።